ከሙዚቃዊ ድራማ ዜማ ደራሲዎች ታላቁ ማን ነው? ክርክሩ የማያልቅበት ምክንያት

ከመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ የተወሰደው «ዊክድ» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ ከወጣ፣ ተከታዩም በ2025 ከመጣ ወዲህ ጅማ ላይም ያልተለመደ ክርክር ጆሮ ይገባል። ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡ ተማሪዎች ስለ ኳስ ሲሟገቱ መስማት አዲስ አይደለም። ስለ ሙዚቃዊ ድራማ ሲሟገቱ መስማት ግን አዲስ ነው። አንዱ «ሎይድ ዌበርን የሚያክል የለም» ይላል። ሌላዋ «ሶንድሃይምን ሳትሰማማ አትፍረድ» ትለዋለች። ሦስተኛው ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ «ሃሚልተን» የተባለውን ሙዚቃዊ ድራማ ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። እንደ ኳሱ ሁሉ ማንም ማንንም ሳያሳምን ሂሳብ ተከፍሎ ይበተናል።

የማይግባቡት አንዳቸው ስለማያውቁ አይደለም። ሦስቱም «ታላቅ» ሲሉ የሚለኩት የተለያየ ሥራ ነው። የትኛው ሥራ እንደሆነ ለመለየት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈን ያለበት ቴአትር ሁሉ ሙዚቃዊ ድራማ ነው?

አይደለም። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት በደርግ ጊዜ የኪነት ትርኢት ያዩ ሰዎች ልዩነቱን ቶሎ ይረዱታል። በኪነት መድረክ ላይ ዘፈን ነበር፣ ውዝዋዜ ነበር፣ አጭር ድራማም ነበር። ግን ድራማው ሲያልቅ ነው ዘፋኙ የሚወጣው። ዘፈኑን ከትርኢቱ ብታወጡት ድራማው ምንም አይጎድለውም። አሜሪካም ውስጥ እስከ 1920ዎቹ ድረስ አብዛኛው የመድረክ ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ታሪኩ ዘፈንና ጭፈራ የሚንጠለጠልበት ገመድ ብቻ ነበር።

ሙዚቃዊ ድራማ የምንለው ዘፈኑ ሲወጣ ታሪኩም የሚጎድለውን ነው። ገጸ ባሕርይው በንግግር ሊወጣው የማይችለው ነገር ሲደርስበት ይዘፍናል። ዘፍኖ ሲጨርስ ወይ ወስኗል፣ ወይ ተሸንፏል፣ ወይ ለራሱ ያልተናገረውን ለተመልካቹ ነግሯል። ከኦፔራ ጋር ያለው ድንበር ቀጭን ነው፤ በአብዛኛው ግን በሙዚቃዊ ድራማ ንግግርና ዘፈን ይፈራረቃሉ፣ ተዋናዩም ከድምፁ ውበት ይልቅ ቃሉ እንዲሰማ ይጨነቃል።

የዚህ ጥበብ ሁለት ዋና ገበያዎች የለንደኑ ዌስት ኤንድና የኒው ዮርኩ ብሮድዌይ ናቸው። ብሮድዌይ መንገድ ቢሆንም በቴአትር ሰዎች አነጋገር 500 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው 41 ቴአትር ቤቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት በ1927 እዚያ የታየውን «ሾው ቦት» ነው። የጀሮም ከርን ዜማና የኦስካር ሃመርስታይን ግጥም ስለ ዘር መድልዎና ስለፈረሰ ትዳር በዘፈን ማውራት እንደሚቻል አሳየ።

ዜማ ደራሲው በትክክል የሚሠራው የቱን ነው?

እዚህ ላይ የእኛ አገር አድማጭ ከብዙው ዓለም ይቀድማል። የካሴት ሽፋን አገላብጦ ያነበበ ሰው ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ እንደሚጻፍ ያውቃል። ሙዚቃዊ ድራማም እንዲሁ ነው፤ አራተኛ ሰው ብቻ ይጨመርበታል፣ እሱም ታሪኩንና ንግግሩን የሚጽፈው ነው።

ክርክሩ መበላሸት የሚጀምረው እነዚህ ሥራዎች ሲቀላቀሉ ነው። ሪቻርድ ሮጀርስ ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በሌላ ሰው ግጥም ላይ ዜማ ሲሠራ ኖረ። ስቲቨን ሶንድሃይም፣ ኮል ፖርተርና ኧርቪንግ በርሊን ግን ዜማውንም ግጥሙንም ራሳቸው ይጽፉ ነበር። «ሶንድሃይም ይበልጣል» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ግጥሙን እያደነቀ ለዜማው ነጥብ እንደሚሰጥ ልብ በሉ።

ቅንብሩም አለ። ሮበርት ራስል ቤኔት የሚባለው ሰው ከ«ሾው ቦት» ጀምሮ የከርንን፣ የሮጀርስንና የሌሎችንም ሥራዎች ለኦርኬስትራ ያቀናበረ ነው። ቫዮሊኑ የሚገባበትን፣ ክላርኔቱ ከዘፋኟ ኋላ የሚያንሾካሹክበትን ቦታ የወሰነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሰዉ ግን የሚያውቀው ሮጀርስን ነው። በሌላኛው ጫፍ በርሊን አለ፤ ኖታ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ፒያኖ የሚመታው በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ስለነበር ቃናውን የሚቀይርለት ማንሻ ያለው ልዩ ፒያኖ አሠራ፤ ዜማውን የሚጽፉለት ሌሎች ነበሩ። ታዲያ ኖታ የማይጽፍ ሰው ዜማ ደራሲ አይደለም? በድምፁ አንጎራጉሮ ዜማ የሚሰጥ ስንት ደራሲ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ ትርጉም ያለው አይመስለኝም።

ዜማ እንዴት ነው ታሪክ የሚያስኬደው?

ክርክሩን ከስሜት ወደ ማስረጃ የሚያመጣው ይህ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በ1957 ለመድረክ የበቃው፣ ስለ ሁለት ጠበኛ የወሮበላ ቡድኖችና በመካከላቸው ስለተወለደ ፍቅር የሚተርከው «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ዜማው የሊዮናርድ በርንስታይን፣ ግጥሙ ያኔ የ27 ዓመት ወጣት የነበረው የሶንድሃይም ነው። ወጣቱ ቶኒ የወደዳትን ልጅ ስም ሲዘፍን «ማ-ሪ-ያ» የሚለው በሦስት ድምፆች ይወጣል። ከ«ማ» ወደ «ሪ» የሚዘለው ርቀት በምዕራባውያን ሙዚቃ ከሁሉ ይበልጥ ሰላም የሚነሳ የሚባለው ነው፤ የኦክታቭ (አንድ ድምፅ ከፍ ብሎ ራሱን እስኪደግም ያለው ርቀት) ልክ ግማሽ። ጆሮ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ «ያ» በትንሿ እርምጃ ከፍ ብሎ ያሳርፈዋል። ያው ርቀት ግን በሌላ ቦታ፣ በወሮበሎቹ ሙዚቃ ውስጥ፣ ሳያርፍ ይመላለሳል። ማለት ፍቅሩና ጠቡ ከአንድ ዘር ተቀድተዋል፤ አንዱ ዕረፍት አግኝቷል፣ ሌላው አላገኘም። ይህን ማንም ተዋናይ በቃል አይናገረውም። (በአንቺ ሆዬ ቅኝት ያደገ ጆሮ በዚህ ርቀት ያን ያህል ላይደነግጥ ይችላል፤ ቅኝቱ ውስጥ ይገኛልና።)

እዚያው ሥራ ውስጥ «ቱናይት» የተባለው ዘፈን በሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አምስት ወገኖች በአንድ ጊዜ ይዘፍናሉ። ሁለቱ የሰፈር ቡድኖች ስለ ጠብ፣ አንዲት ሴት ስለ ፍቅር ቀጠሮዋ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ስለ መገናኘት። ሁሉም «ዛሬ ማታ» ነው የሚሉት። በንግግር ድራማ አምስት ሰው በአንዴ ቢናገር ጫጫታ ነው፤ በሙዚቃ ግን አምስቱንም ትሰማላችሁ፣ ማታው ደግሞ ለአምስቱም እንደማይበቃ ይገባችኋል።

ሮጀርስ ይህን በቀለለ መንገድ ያደርገዋል። «ካሩሰል» በተባለው የ1945 ሥራው አንድ ወንድና አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሊያወሩ ይጀምራሉ፤ ንግግሩ ዘፈን ይሆናል፣ ዘፈኑ ወደ ንግግር ይመለሳል፣ እንደገና ዘፈን ይሆናል። ዘፈኑ «ብወድህ ኖሮ እንዲህ ባልኩህ ነበር» ዓይነት ነው። ሁለቱም አልወደድኩም እያሉ ዜማው ግን ያሳብቅባቸዋል። ግጥሙ ይክዳል፤ ዜማው ይመሰክራል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ስማቸው የሚነሳው እነማን ናቸው?

ሮጀርስ (1902–1979) ከ900 በላይ ዘፈኖች የጻፈ፣ ሁለት ሕይወት የኖረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ከሎሬንዝ ሃርት ጋር ይሠራ ነበር፤ ዜማው ይቀድማል፣ ግጥሙ ይከተላል። ዘፈኖቹ ፈጣን፣ ብልጥ፣ የከተማ ልጅ ናቸው። ከ1943 ጀምሮ ከሃመርስታይን ጋር ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ግጥሙ ቀደመ፣ ዜማው ተከተለ። የሙዚቃው ጠባይም አብሮ ተለወጠ፤ ሰፊ፣ የተረጋጋ፣ የገጠር አየር ያለው ሆነ። አንድ ሰው ሁለት የተለያዩ ዜማ ደራሲዎች ሲሆን ሌላ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። የሁለቱ የመጀመሪያ ሥራ «ኦክላሆማ!» በጊዜው ልማድ በጭፈራ መከፈት ሲገባው፣ ወተት በምትንጥ አንዲት ሴትና ከመድረክ ኋላ፣ አጃቢ ሙዚቃ ሳይኖረው፣ በሚሰማ የአንድ ከብት ጠባቂ ድምፅ ተከፈተ። 2,212 ጊዜ ታየ። ከዚያ «ሳውዝ ፓስፊክ»፣ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ»፣ በ1959 ደግሞ ፊልሙን ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው «ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» መጡ።

ሶንድሃይም (1930–2021) የሃመርስታይን ተማሪ ነው፤ በልጅነቱ ከእነሱ ቤት አይጠፋም ነበር። መምህሩ የሠራውን ቤት ወርሶ ግድግዳውን አፈረሰው ማለት ይቻላል። በ1970 የወጣው «ካምፓኒ» መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ ያለው ታሪክ የለውም። በ1979 የወጣው «ስዊኒ ቶድ» ስለ ነፍሰ ገዳይ ጸጉር አስተካካይ ሲሆን ከመካከለኛው ዘመን የሙታን መዝሙር የተወሰደ ዜማ በየቦታው ተሸሽጎበታል። በ1984 በብሮድዌይ የታየው «ሰንደይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ» ሥዕሎቹን በትንንሽ ነጠብጣቦች ስለሚሠራው ሰዓሊ ስለ ጆርጅ ሴራ ነው፤ ሙዚቃውም በነጠብጣብ፣ በተቆራረጡ አጫጭር ድምፆች ተሠርቷል። የሚተቹት «ከቴአትር ቤት ስትወጣ የምታንጎራጉረው የለም» ይሉታል። ደጋፊዎቹ «ሦስት ጊዜ ስማና ንገረኝ» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

አንድሩ ሎይድ ዌበር (1948 የተወለደ) የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዜማው አንዴ ከሰሙት አይለቅም። «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር»፣ «ኤቪታ»፣ «ካትስ»፣ «ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» የእሱ ናቸው። ንግግሩን ጭምር ከዳር እስከ ዳር በዘፈን ማድረግን ከሮክ ሙዚቃ ጋር አጋብቶ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰ። ተቺዎቹ አንዱን ዜማ ታሪኩ ቢለወጥም ባይለወጥም ደጋግሞ ያመጣዋል ይላሉ፤ የበርንስታይን ድግግሞሽ አዲስ ነገር ሲነግረን የእሱ ያስታውሰናል እንጂ አይነግረንም ነው ነገሩ። በነገራችን ላይ እሱና ሶንድሃይም የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 13 (ማርች 22)፣ በ18 ዓመት ልዩነት። ደጋፊዎቻቸው ልደታቸውን እንኳ በሰላም አያከብሩም።

ጆርጅ ገርሽዊን በ38 ዓመቱ ስለሞተ ክርክሩ ሁሉ «ቢኖር ኖሮ» ላይ ይቆማል። ትልቁ ሥራው «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው፣ የጣሊያን ጦር መረብን በተሻገረ በሳምንቱ። ኦፔራ ነው ወይስ ሙዚቃዊ ድራማ የሚለው እስካሁን አልተቋጨም። በርንስታይንን ደግሞ የሚያነሱት በአብዛኛው በአንድ ሥራ ነው፤ ያ አንድ ሥራ ግን ለብዙዎች ከሁሉ ይበልጣል። ጆን ካንደር («ካባሬ»፣ «ቺካጎ»)፣ ፍሬደሪክ ሎው («ማይ ፌር ሌዲ»)፣ የ«ሌ ሚዜራብል»ው ክሎድ-ሚሼል ሾንበርግ፣ የ«ዊክድ»ን ዜማና ግጥም የጻፈው ስቲቨን ሽዋርትዝና በ2015 ብሮድዌይ ላይ በተከፈተው፣ በራፕ በተሞላው «ሃሚልተን» የሚታወቀው ሊን-ማኑኤል ሚራንዳም ስማቸው ይነሳል።

ብዙ የታየው ይበልጣል ብንልስ?

ቁጥር ንጹሕ መለኪያ ይመስላል። «ፋንተም» ከ1988 እስከ ሚያዝያ 2023 ብሮድዌይ ላይ 13,981 ጊዜ ታይቷል፤ በዚያ መድረክ ታሪክ የሚስተካከለው የለም። በዚህ ከሄድን ክርክሩ አለቀ፣ ሎይድ ዌበር ነው።

ግን የሶንድሃይምን «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» እዩት። በ1981 ሲከፈት 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በድጋሚ ብሮድዌይ ላይ ሲቀርብ በ2024 የዓመቱ ምርጥ ዳግም ዝግጅት ተብሎ ቶኒ የተባለውን የብሮድዌይ ታላቅ ሽልማት አገኘ። አብዛኛው ዜማ ያኔም ያው ነበር። «ፖርጊ»ም መጀመሪያ 124 ጊዜ ብቻ ነው የታየው፤ ዛሬ በትልልቅ ኦፔራ ቤቶች ይታያል። የመታየት ቁጥር የሚነግረን ዜማውን ብቻ አይደለም፤ የቲኬቱን ዋጋ፣ የመድረኩን ጌጥ፣ የቱሪስቱን ብዛት፣ የማስታወቂያውንም ጉልበት አብሮ ይቆጥራል።

ለጅማ ሰው በቡና ማስረዳት ይቀላል። ቀማሾች ቡናን በአንድ ቃል «ምርጥ» አይሉትም፤ መዓዛውን፣ ኮምጣጣነቱን፣ በአፍ የሚሰጠውን ክብደት ለየብቻ ይመዝናሉ። በጀንፈል የደረቀው ቡና በክብደቱ ሲያሸንፍ የታጠበው በጣዕሙ ንጽሕናና በኮምጣጣነቱ ያሸንፋል። አንደኛ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ለየትኛው መለኪያ የበለጠ ነጥብ እንደተሰጠ ነው። ሎይድ ዌበርና ሶንድሃይም ላይ የሚደረገው ክርክርም ስለ ነጥብ አሰጣጡ እንጂ ስለ ሰዎቹ አይደለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዜማ ለታሪክ በሠራው ሥራ ሶንድሃይምን አስቀድማለሁ። አንድ ስም ብቻ ጥራ ካላችሁኝ ግን ሮጀርስ ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ያፈረሰውም ጭምር፣ እሱና ሃመርስታይን ባቆሙት ቤት ውስጥ ነው የሠራው።

ስሞቹ ሁሉ ለምን የወንድ ሆኑ?

አንድ ሙዚቃዊ ድራማ ለማቆም እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን የያዙት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚያምኑት አስቀድመው የሚያውቋቸውን ሰዎች ነበር። የሮጀርስ ልጅ ሜሪ ሮጀርስ በ1959 «ዋንስ አፖን ኤ ማትረስ» የሚለውን ሥራ ለመድረክ አብቅታ ነበር፤ በእሷ ዘመን እንደ እሷ ያሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለምርጥ ዜማና ግጥም የሚሰጠውን ቶኒ አንዲት ሴት ብቻዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው በ2013 ነው፤ ሲንዲ ላውፐር በ«ኪንኪ ቡትስ»። ሴቶች ብቻ ያሉበት ጥንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2015 ነው፤ ጃኒን ቴሶሪና ሊሳ ክሮን በ«ፈን ሆም»። ስለዚህ «ታላቁ» የሚለው ዝርዝር የችሎታ ብቻ ሳይሆን በሩ ለማን ተከፍቶ እንደነበረ የሚናገር ሰነድ ነው።

አፍሪካስ? እኛስ?

«ሳራፊና!»ን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1992ቱ ፊልም ነው። መነሻው ግን መድረክ ነው፤ የ1976ቱን የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ የሚተርከውን ይህን ሥራ ምቦንጌኒ ንጌማ ጽፎ፣ ሂዩ ማሴኬላም በሙዚቃው ተሳትፎበት በ1988 ብሮድዌይ ደርሷል። በ1997 የተከፈተው «ላየን ኪንግ» ደግሞ ሲጀምር የሚሰማው የዙሉ ጥሪ የደቡብ አፍሪካዊው የሌቦ ኤም ነው። ዘፈኖቹ ሲጠሩ ግን ቀድሞ የሚነሳው ኤልተን ጆን ነው። አንድ ሥራ ስንት እጅ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

በእኛም አገር የመድረክ ዜማ ታሪክ አለው። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የሠሩት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምና ዜማ ለየብቻ የተጠሩበት ቀደምት ምሳሌ ነው፤ ዮፍታሔ ደግሞ ቴአትር ጸሐፊም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቃውን የመራለት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ስማቸው በዘፋኞቹ ስም ተሸፍኖ መቅረቱም የሮበርት ራስል ቤኔትን ዕጣ ይመስላል።

ከየት ልጀምር?

ዳታ ውድ ነውና ሙሉ ሥራ ከማውረድ በፊት ሦስት ዘፈን በቂ ነው። መጀመሪያ የ«ካሩሰል»ን የአግዳሚ ወንበር ትዕይንት ስሙ፤ ሁለቱ ሰዎች የሚሉትንና ዜማው የሚለውን ለየብቻ ለመያዝ ሞክሩ። ከዚያ «ቱናይት»ን፣ የብቻውን ሳይሆን አምስት ወገን የሚዘፍኑትን። መጨረሻ ላይ ከ«ስዊኒ ቶድ» «ኤ ሊትል ፕሪስት» የሚለውን፤ ሁለት ሰዎች በደስታ ዋልስ እየጨፈሩ የገደሉትን ሰው ሥጋ በፓይ ጋግረው ሊሸጡ ሲስማሙ ትሰማላችሁ። እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ የግጥሙን ጽሑፍ ከፊት አድርጉ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ግማሹ ያመልጣችኋል፣ የሶንድሃይም ደጋፊዎችም አምልጧቸው ነው የጀመሩት። የትምህርት ቤት ወይም የግቢ የቴአትር ክበብ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፦ ከምትለማመዱት ድራማ አንዱን ዘፈን አውጡና ያለ እሱ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ታሪኩ ሳይጎድል ካለፈ ዘፈኑ የተቀመጠው ለጌጥ ነው ማለት ነው።